በሕፃናት ላይ ለተፈጸመ ከባድ ወንጀል ቅጣት እንዴት ይወሰናል?

ቅጣት የሚነሳው ከዳኛው ቁጣ ሳይሆን ከሕጉ አንቀጽ ነው። መጀመሪያ አንቀጹ ያስቀመጠው መነሻና ጣሪያ ይታያል። ቀጥሎ በልጁ ላይ የደረሰው ጉዳትና የአጥፊው ጥፋት ይመዘናል።

ከዚያ ማክበጃዎች፣ ማለትም ቅጣቱን የሚያከብዱ ነገሮች፣ ይመጣሉ፦ ድርጊቱ መደጋገሙ፣ አስቀድሞ መታቀዱ፣ ልጁ እንዳይናገር መዛቱ። ከሁሉ የሚከፋው አደራ መብላት ነው፤ አጥፊው አሳዳጊ፣ መምህር ወይም ዘመድ ሲሆን። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። የልጁ ዕድሜ አንቀጹ ውስጥ የወንጀሉ አካል ሆኖ ከተጻፈ፣ ያንኑ ዕድሜ ዳግም ማክበጃ ማድረግ አንዱን ነገር ሁለቴ መቁጠር ነው፤ ፍርዱም በይግባኝ ሊቀነስ ይችላል።

ከማቅለያዎች መካከል በጊዜ የተሰጠ የእምነት ቃል ክብደት አለው፤ ልጁን ከመመስከር ያድነዋልና። «መልካም ስም ነበረው» የሚለው ግን በጥርጣሬ መታየት አለበት፤ ብዙ ጊዜ ልጁ ዘንድ ያደረሰው ያው ስም ነው።

ቤተሰብ የጉዳት መግለጫ፣ ማለትም በልጁ ላይ የደረሰውን ጉዳት የሚያስረዳ ጽሑፍ፣ ማቅረብ ከተፈቀደለት፣ ቅጣቱ ከመወሰኑ በፊት ለዐቃቤ ሕግ ይስጥ። «ሕይወቱ ተበላሸ» ብቻ አይበቃም። «ከዚያ ወዲህ መብራት ጠፍቶ አይተኛም፤ ለ3 ወር ትምህርት ቤት አልሄደም» ብላችሁ ቀኑን ጻፉ፤ የሕክምና ማስረጃውንም አያይዙ።