ሰዓታችሁን በኮልጌት ከማሸታችሁ በፊት

ውድ ሰዓት ያሰረ ሰው አንድ ቀን የሚኒባስ በር ወይም የቢሮ እጀታ ያገኘዋል። ማታ ቤቱ ገብቶ አምፖል ስር ዘንበል አድርጎ ሲያየው ጭረት አለ። ወዲያው ዩቲዩብ ይከፈታል፤ ኮልጌት፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ጠረጴዛ ላይ ይደረደራሉ። ጥፋቱ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። ጭረቱ ሰዓቱን ብዙም አይጎዳውም። እሱን ለማጥፋት ተብሎ የሚፋቀው ብረት ግን አይመለስም።

የመጀመሪያው ስህተት ሳያጥቡ መወልወል ነው። ከሜክሲኮ እስከ ፒያሳ በእግር የሄደ ሰዓት አቧራ ጠጥቶ ነው የሚገባው። አቧራው ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ 7 አካባቢ ነው፤ ስቴይንለስ ስቲልንም ተራ መስታወትንም ይጭራል። በሸሚዝ ጫፍ ጠረግ ስታደርጉት አዲስ ጭረት እየጨመራችሁ ነው ማለት ነው። መጀመሪያ ከጎን ያለችው መሙያ በደንብ መዘጋቷን እዩ። ከዚያ ለብ ባለ ውሃ፣ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙናና ለስላሳ የልጆች ጥርስ ብሩሽ በቂ ነው። ከጀርባው 30 ሜትር የሚል ከሆነ ቧንቧ ስር አታስገቡት። ቁጥሩ ጠብታን ይችላል ለማለት ያህል ነው እንጂ ዋና አያስገባም፤ እሱን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ሙቅ ውሃ ለማንኛውም ሰዓት አይሆንም፤ ውሃ የሚከለክለውን ጎማ ይጎዳዋል።

ኮልጌት ላይ እንምጣ። ይሠራል የሚሉትም አይሠራም የሚሉትም እውነታቸውን ነው፤ የሚያወሩት ስለተለያየ መስታወት ነው። በብዙ የድሮ ሰዓቶች ላይ ያለው መስታወት ፕላስቲክ ነው። በጥፍራችሁ መታ መታ ስታደርጉት ድምፁ ደፈን ያለ ነው፤ ጉንጫችሁ ላይ ስታስነኩት እንደ መስታወት አይቀዘቅዝም። እ.ኤ.አ. በ1969 ጨረቃ ላይ የደረሰው የኦሜጋ ስፒድማስተር ዛሬም በፕላስቲክ መስታወት የሚሸጥ ሞዴል አለው። ለዚህ ዓይነቱ ኮልጌት ይሠራል፤ ፖሊዋች የሚባለው ክሬም ከተገኘ ደግሞ ይሻላል። በጥጥ ክብ ክብ እያደረጋችሁ ለጥቂት ደቂቃ ማሸት ነው።

የአብዛኛው የዘመኑ ውድ ሰዓት መስታወት ግን ሳፋየር የሚባል በጣም ጠንካራ ክሪስታል ነው። በዚያው በሞህስ መለኪያ ጥንካሬው 9 ነው፤ መለኪያው ላይ ከእሱ በላይ ያለው አልማዝ ብቻ ነው። ኮልጌት እሱ ላይ ምንም አያመጣም። እንዲያውም አንዳንዱ ሰዓት ከላዩ ነጸብራቅ የሚቀንስ ስስ ቅብ አለው፤ ስታሹት የምትጭሩት ያንን ቅብ ነው። ደግሞ ሳፋየር ላይ ጭረት የሚመስለው ሁሉ ጭረት አይደለም። ብረት ሲነካው የብረቱ ቅሪት ተለጥፎ ግራጫ መስመር ይተዋል። ተራ ላጲስ ውሰዱና ፈትጉት። ከለቀቀ ተገላገላችሁ።

ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው ብረቱ ላይ ነው። ሰዓቱን መስኮት አጠገብ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። አንዱ ቦታ እንደ መስታወት ፊታችሁን ያሳያል። ሌላው ደብዘዝ ብሎ ቀጫጭን መስመሮች ይታዩበታል። ፋብሪካው ሆን ብሎ ነው እንዲህ የሠራው፤ የሁለቱ መገናኛ ደግሞ ጥርት ያለ ጠርዝ ነው። ሰዓት የሚያውቅ ገዢ መጀመሪያ የሚያየው ይህንን ጠርዝ ነው። ቤት ውስጥ ሁሉንም በአንድ ጨርቅና በአንድ ቅባት ሲያሹት ደብዛዛው ያብረቀርቃል፣ ጠርዙ ይድበሰበሳል፣ ሰዓቱ የተላሰ ከረሜላ ይመስላል። ዋጋውም ይወርዳል።

እጄ አላርፍ ብሎኛል ካላችሁ የማሰሪያው መቆለፊያ ላይ ሞክሩ። ጠረጴዛ ላይ ሲፈተግ የሚውለው እሱ ነው፤ ቢበላሽም የሚቀየር አካል ነው። የሚያብረቀርቀውን ክፍል በኤሌክትሪክ ናስትሮ ሸፍኑ። አረንጓዴውን የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ይዛችሁ በመስመሮቹ አቅጣጫ ብቻ፣ ሳትጫኑ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንዴ ጎትቱ። አንሱ፣ ተመለሱ፣ ድገሙ። ወዲያ ወዲህ ማለት የለም። ሽቦውን ግን ለድስት ተዉለት፤ የሚረግፈው ደቃቅ ብረት ማሰሪያው ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ይዝጋል።

ወርቅ ቅብ ሰዓት ጭራሽ አይታሽም። ቅቡ በማይክሮን የሚለካ ስስ ነገር ነው፤ ሲሄድ ከሥሩ ያለው ሌላ ብረት ብቅ ይላል። በጥቁር ቅብም ያው ነው። ሮሌክስ ዴትጀስት ያላችሁ ደግሞ መስታወቱን የሚከበው ባለ ጥርስ ቀለበት ስቲል እንዳይመስላችሁ፤ አካሉ ስቲል በሆነው ሞዴል ላይ እንኳ የአሁኖቹ ቀለበት 18 ካራት ነጭ ወርቅ ነው። ሲታሽ ጥርሱ ይበላል።

ከመስታወቱ ሥር፣ ቁጥሮቹ ያሉበት ፊት ላይ ነጥብ አይታችሁ የኋላ ክዳን በቢላ መክፈት? እባካችሁ። የፊቱ ቀለም በአንድ የጥጥ ጭረት ሊነሳ ይችላል፤ የድሮ ሰዓት ከሆነ ደግሞ ጨለማ ውስጥ የሚያበራው ቀለም ሬዲየም ሊሆን ይችላል፤ ብናኙ ወደ ሳንባ መግባት የለበትም። መስታወቱ ከውስጥ ጤዛ ከያዘ ምድጃ አጠገብ ማድረቅም አያድንም። ውሃ ገብቷል ማለት ነው፤ በዚያው ቀን ወደ ሰዓት ሠሪ ነው።

ሰዓት ሠሪ ያልኩት በምክንያት ነው። ብዙ ሰው ፖሊሽ ለማስደረግ ወርቅ ቤት ይወስዳል። የወርቅ ሠሪው ማሽን ለቀለበት ጥሩ ነው፤ ሰዓት ላይ ግን በደቂቃ ውስጥ ጠርዙን ይበላዋል። ሰዓት ሠሪውም ጋ ቢሆን ስታስረክቡ አፍ አውጥታችሁ ተናገሩ፦ «ወንድሜ፣ መስታወቱን ብቻ ቀይርልኝ፣ አካሉን እንዳትነካው።» አንዳንዱ ባለሙያ ደንበኛው ደስ እንዲለው ብሎ ፖሊሹን ምርቃት ይጨምርበታል።