ተንቀሳቃሽ የአትክልትና ፍራፍሬ መሸጫ ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መሸጫውን ተዘርግቶ እንዳለ ብቻ ማሰብ። ብዙ ሰው ንድፉን የሚጀምረው መሸጫው ገበያ ላይ ቆሞ ከሚታይበት መልክ ነው። የሚያለፋው ግን መጫንና ማውረዱ ነው። ስለዚህ አስቀድመው የመኪናውን ወይም የጋሪውን የጭነት ቦታ ይለኩ፤ ከዚያም አንድ ሰው ብቻውን የሚያነሳውን ክብደት ይወስኑ። የጠረጴዛው ጣውላ ከዚያ ከበለጠ ለሁለት ይከፈል። ብሎንና ዳዶ የሚበዛበት አሠራርም ይቅር፤ አመሻሽ ላይ ሲፈታ አንዱ ዳዶ መጥፋቱ አይቀርም።

ነፋስን መናቅ። በእኔ ግምት ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው። 3 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ ጣሪያ 9 ካሬ ሜትር ሸራ አለው። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነፋስ ያን ስፋት ፊት ለፊት ቢያገኘው ወደ 50 ኪሎ ግራም ክብደት የሚጠጋ ግፊት ያሳርፍበታል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ነፋሱ ከሥር ከገባ ደግሞ ጣሪያው እንደ ጃንጥላ ይገለበጣል። እግሩ ሥር ድንጋይ ማስጠጋት አይጠቅምም፤ ክብደቱ ከእግሩ ጋር መታሰር አለበት። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ባዶውን ተጭኖ ገበያ ላይ ውሃ ሲሞላ 20 ኪሎ ያህል ይሆናል፤ በየእግሩ አንድ አንድ ይታሰር። ነፋሱ ከበረታ ግን ሸራውን ማውረድ ነው።

ጠፍጣፋ ጣሪያ። 1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ውሃ ቢያቁር 10 ኪሎ ነው። ጣሪያው ወደ ኋላ ያዘንብል፤ ወደ ፊት ካዘነበለ ዝናቡ ገዢው ራስ ላይ ይወርዳል።

ባለ ቀለም ሸራ። ሰማያዊው ከሩቅ ይስባል፤ ከሥሩ ያለውን ቲማቲም ግን ያጠቁረዋል። በቀይ ሥር ደግሞ ጎመን የሰነበተ ይመስላል። ነጭ ይሻላል። ቀለም የሚወዱ ከሆነ የጠረጴዛውን ልብስ ያሳምሩ።

ጥላውን በጠዋት ብቻ ማየት። ፀሐይ ስትዞር ጥላውም ይሸሻል፤ ሰላጣና ሌላው ቅጠላ ቅጠል በዚያው ይጠወልጋል። በጎን የሚወርድ መጋረጃ ይጨምሩ።

መከመር። ክምር ጥጋብ ይመስላል፤ ታች ያለው ቲማቲም ግን ይፈርጣል። መደርደሪያውን በመጠኑ ያጋድሉት፤ ፊት ለፊቱ ላይ ማገጃ ካልሠሩለት ፍሬው ይንከባለላል። የመደርደሪያው ክፍሎችም የተለያዩ ይሁኑ፦ የበሰለ ሙዝ፣ አቮካዶና ቲማቲም ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ስለሚያወጡ አጠገባቸው የተቀመጠው ጎመንና ኪያር ቶሎ ቢጫ ይሆናል። መደቡ ውሃ የማይመጥና በቀላሉ የሚታጠብ ይሁን፤ ቀለም ያልተቀባ እንጨት እርጥበት ይዞ ይሻግታል።

ሚዛኑን መርሳት። ሁሉም ነገር ከተሠራ በኋላ በተረፈው ጥግ ይሸጎጣል፤ ገዢውም ቁጥሩን ሳያይ ይከፍላል ወይም ተጠራጥሮ ይሄዳል። ገና ንድፉ ላይ ለሁለቱም ወገን የሚታይ ደልዳላ ቦታ ይተዉለት። የገበያ መሬት ብዙውን ጊዜ ወጣ ገባ ስለሆነ የጠረጴዛው እግሮች ቁመታቸው የሚስተካከል ካልሆነ ሚዛኑ ያዘነብላል፤ ያዘነበለ ሚዛን ደግሞ ትክክል አይመዝንም።