የጋራ ሰሌዳው እምቢ ሲል፦ የኦንላይን ዋይትቦርድ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ስድስት ሰዎች ስብሰባ ላይ ናቸው፤ አራቱ አዲስ አበባና ሐዋሳ፣ ሁለቱ ዋሽንግተን ዲሲ። ለአንዱ ሰሌዳው ነጭ ባዶ ሆኖበታል፣ ለአንዷ አማርኛው የሳጥን ድርድር ሆኖ ይታያታል፣ ሌላው ያያል እንጂ መጻፍ አልቻለም። የሁሉም መልስ ግን አንድ ነው፦ «ኔትወርክ ነው»። ኔትወርክ የሚወቀሰውን ያህል ጥፋተኛ አይደለም። ከታች ያሉት ችግሮች ሚሮ፣ ፊግጃም፣ ኤክስካሊድሮው እና ማይክሮሶፍት ዋይትቦርድ ላይ የሚያጋጥሙ ናቸው። አብዛኞቹ በደቂቃዎች ይፈታሉ፤ ጥቂቶቹ ግን ቀድሞ ካልታሰበባቸው የሳምንት ሥራ ይዘው ይጠፋሉ።

መጀመሪያ ጥፋቱ የት እንዳለ ለዩ

ችግሩ የገጠመው ሰው ያንኑ ሊንክ በኢንኮግኒቶ (አካውንት ሳይገባበት በሚከፈት የግል) መስኮት ይክፈተው። ከሠራለት ጥፋቱ ያለው ብራውዘሩ ላይ በተጫነ ተጨማሪ ፕሮግራም (ኤክስቴንሽን) ወይም በገባበት አካውንት ነው። ካልሠራለት ኮምፒውተሩን ከቢሮው ዋይፋይ አላቅቆ በስልኩ ሆትስፖት ያገናኘው። አሁን ከሠራ የከለከለው የቢሮው ኔትወርክ ነው። አሁንም ካልሆነ ሊንኩን ለሌላ ባልደረባ ይላክ፦ ለእሱ ከተከፈተ ጥፋቱ የመጀመሪያው ሰው ኮምፒውተር ላይ ነው፣ ለማንም ካልተከፈተ ሊንኩ ወይም ፈቃዱ ነው። ይህን ሳያደርጉ ሪፍሬሽ መደጋገም ጊዜ ከማባከኑም በላይ፣ እንደምታዩት፣ ያልተቀመጠ ሥራ ሊያጠፋ ይችላል።

ሰሌዳው ይታያል፣ መጻፍ ግን አይቻልም

ሊንኩ የተላከው በቴሌግራም ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቴሌግራም ራሱ ነው። ሊንኩን ስትነኩ የሚከፈተው በቴሌግራም ውስጥ ባለው ብራውዘር ነው፤ እዚያ ደግሞ የሚሮም ሆነ የጉግል አካውንታችሁ ገብቶ አይጠብቃችሁም። ስለዚህ ሰሌዳው እንደ እንግዳ ይቆጥራችኋል። ከላይ በቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክታችሁ በክሮም ወይም በሳፋሪ ክፈቱት።

በክሮምም ተከፍቶ ካልጻፈ አካውንቱን ተመልከቱ። ግብዣው የተላከው ለሥራ ኢሜይል ሆኖ ብራውዘሩ ውስጥ ያለው የግል ጂሜይል ሲሆን ሰሌዳው በ«ማየት ብቻ» ይከፈታል፣ ምክንያቱንም አይነግርም። ከላይ በቀኝ ያለውን ፎቶ ወይም ፊደል ተጭኖ በየትኛው ኢሜይል እንደገቡ ማየት ይበቃል። ኢሜይሉ ትክክል ከሆነ ደግሞ የሰሌዳው ባለቤት የማጋሪያ መስኮቱን ከፍቶ «ማየት ይችላል» የሚለውን ወደ «ማረም ይችላል» ይቀይር።

ትናንት ሁሉም ሲጽፍበት የነበረ ሰሌዳ ዛሬ ለሁሉም የተቆለፈ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የሚሮ ነጻ ዕቅድ (ያለ ክፍያ የሚሰጠው አገልግሎት) ማረም የሚፈቅደው 3 ሰሌዳ ብቻ ነው። ከቡድኑ አንዱ አዲስ ሰሌዳ ሲከፍት ከቁጥሩ ያለፈው ለማየት ብቻ ይሆናል። የማያስፈልገውን ሰርዙ፤ ከመሰረዛችሁ በፊት ግን በፒዲኤፍ ወይም በምስል አውርዳችሁ አስቀምጡት።

ሰሌዳው ባዶ ነው

አብዛኛውን ጊዜ ባዶ አይደለም፤ እናንተ ያላችሁት ሌላ ቦታ ነው። እነዚህ ሰሌዳዎች ዳር የላቸውም፣ አንድ የማውስ ጥቅልል ከሥራው ሜዳ አርቆ ይጥላችኋል። ፊግጃምና ኤክስካሊድሮው ላይ ሺፍትና 1ን፣ ሚሮ ላይ አልትና 1ን አንድ ላይ ስትጫኑ ያለው ሁሉ በስክሪኑ ልክ ይመጣል።

ይህን አድርጋችሁ ሥራው እንደ ተምች እንቁላል ጥቃቅን ነጠብጣብ ሆኖ ከመጣ፣ አንድ ሰው ሳያውቀው ተለጣፊ ወረቀት (ስቲኪ ኖት) ወይም ባዶ የጽሑፍ ሳጥን ሩቅ ጥሎ ሄዷል ማለት ነው። ኮንትሮልና ኤ ተጫኑ፤ ሁሉንም የሚከብ መስመር ይወጣል። የመስመሩን ጥግ ተከትላችሁ ሂዱና እዚያ የተገተረውን ነገር አጥፉ።

ኤክስካሊድሮው ላይ ግን ባዶነቱ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። በነጻው ኤክስካሊድሮው ብቻችሁን የሣላችሁት የሚቀመጠው በራሳችሁ ብራውዘር ውስጥ ነው። በሌላ ኮምፒውተር፣ በሌላ ብራውዘር ወይም በኢንኮግኒቶ ብትከፍቱት ምንም አታገኙም፤ የብራውዘሩን ዳታ ካጸዳችሁም ሥዕሉ አብሮ ይሄዳል። ለጋራ ሥራ የሚላከው ሊንክ ደግሞ ከ# ምልክቱ በኋላ መክፈቻ ቁልፉን ይዟል፤ ይዘቱ በዚያ ቁልፍ የተመሰጠረ ነው። ሊንኩ # ላይ ተቆርጦ ከተላከ የሚከፈተው የተቀባዩ የራሱ ባዶ ገጽ ነው። በእጅ አትገልብጡት፣ ኮፒ የሚለውን ተጭናችሁ ሙሉውን ቅዱ። ስብሰባው ሲያልቅም ፋይሉን ኮምፒውተራችሁ ላይ አስቀምጡ።

የሌሎች ከርሰር ቆሟል፣ «እንደገና በመገናኘት ላይ» ይላል

ሌላው ድረ ገጽ ሁሉ እየተከፈተ ሰሌዳው ብቻ ከቆመ ሊጠረጠር የሚገባው ዌብሶኬት ነው። ተራ ድረ ገጽ ጠይቆ፣ ተቀብሎ ይዘጋል። የጋራ ሰሌዳ ግን ሁሉም የሌላውን እንቅስቃሴ በቅጽበት እንዲያይ መስመሩን ክፍት አድርጎ ይይዛል። የአንዳንድ መሥሪያ ቤት ፋየርዎል፣ ፕሮክሲ ወይም ቪፒኤን ይህን ክፍት መስመር ይቆርጠዋል። በሆትስፖት ከሠራ ለአይቲ ክፍሉ ጥያቄውን እንዲህ ብላችሁ አቅርቡ፦ «የዚህ ሰሌዳ ድረ ገጽ በፖርት 443 የሚያደርገው የዌብሶኬት ግንኙነት ይፈቀድልን»። «ኢንተርኔቱ አይሠራም» ካላችኋቸው ፍጥነቱን ለክተው ደህና ነው ብለው ይመለሳሉ።

መብራት ጠፍቶ ዋይፋዩ አብሮ ከወደቀና ላፕቶፑ በባትሪ ካለ፣ ታቡን አትዝጉ፣ ሪፍሬሽም አታድርጉ። ሳይላክ የቀረው ለውጥ ያለው እዚያው ታብ ውስጥ ነው። ሆትስፖት ከፍታችሁ ጠብቁ፤ ሲገናኝ ራሱ ይልከዋል። አስቸኳይ ሆኖ መዝጋት ግድ ከሆነ የጻፋችሁትን መርጣችሁ ኮፒ አድርጉና ኮምፒውተሩ ላይ ባለ የጽሑፍ ፋይል ለጥፉት።

አማርኛው ተበላሽቷል

ይህ ብዙ ቡድን በእንግሊዝኛ ለመሥራት የሚገደድበት ችግር ነው፤ የሚያሳዝነው ደግሞ የሚፈታ መሆኑ ነው። አራት የተለያዩ መልኮች አሉት።

ፊደሉ ሳጥን ሆኖ ከታየ በዚያ ኮምፒውተር ላይ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት የለም። ዊንዶውስ ከ8 ጀምሮ ኢብሪማን፣ ማክ ከፋን ይዘው ይመጣሉ፤ ሊነክስ ላይ ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን በነጻ አውርዳችሁ ጫኑ፤ ከዚያ ታቡን ብቻ ሳይሆን ብራውዘሩን ሙሉ በሙሉ ዘግታችሁ ክፈቱ። ስክሪን ላይ ደህና ሆኖ ፒዲኤፉ ላይ ብቻ ሳጥን ከሆነ፣ ፋይሉን ሲያዘጋጅ የተጠቀመው ፎንት ግዕዝ የለውም ማለት ነው። በፒኤንጂ አውርዱት፤ እሱም ካስቸገረ ስክሪንሹት አንሱ። ይህን ለማወቅ ሪፖርቱ የሚላክበትን ቀን አትጠብቁ፤ ሰሌዳው በተከፈተ ቀን አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ አውርዳችሁ እዩ።

«ሰላም» ብላችሁ ጽፋችሁ «ስእልአም» ዓይነት ነገር ከወጣ ጥፋቱ የኪቦርዱና የሰሌዳው አለመግባባት ነው። በድምፅ የሚጻፉ ኪቦርዶች መጀመሪያ «ስ»ን ይጽፋሉ፣ ቀጥሎ አናባቢው ሲመጣ «ስ»ን አጥፍተው «ሰ»ን ይተካሉ። ሰሌዳው ማጥፋቱን ካልተቀበለ ሁለቱም ይቀራሉ። ሌላ ኪቦርድ ሞክሩ፤ ካልሆነ ሌላ ቦታ ጽፋችሁ ለጥፉ። ሐሳቡ ብዙ ከሆነ ኤክሴል ወይም ጉግል ሺትስ ላይ በየሴሉ አንድ አንድ ሐሳብ ጻፉና ሁሉንም ሴል በአንዴ ኮፒ አድርጋችሁ ሚሮ ወይም ፊግጃም ላይ ለጥፉ፤ እያንዳንዱ ሴል የየራሱ ስቲኪ ኖት መሆን ይችላል። አማርኛ ኪቦርድ ላይ ሳላችሁ በአንድ ፊደል የሚሠሩት አቋራጮችም እንቢ ይላሉ፣ ምክንያቱም ሰሌዳው የሚጠብቀው የላቲኑን ፊደል ነው። ወደ እንግሊዝኛ መልሳችሁ ተጫኑ።

ከድሮ የቢሮ ሰነድ የለጠፋችሁት አማርኛ የላቲን ፊደልና የምልክት ቅልቅል ሆኖ ከመጣ፣ ሰነዱ የተጻፈው ዩኒኮድ (ማንኛውም ኮምፒውተር የሚያነበው የፊደል ኮድ) ባልሆነ የድሮ የግዕዝ ፎንት ነው። ከሥሩ ያለው የላቲን ፊደል ነበር፣ አማርኛ ያስመሰለው ፎንቱ ነው። ሰሌዳው ላይ ፎንት በመቀየር አይስተካከልም፤ መጀመሪያ በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት።

አራተኛው ፍለጋ ነው። በኮንትሮልና ኤፍ «ሥራ»ን ስትፈልጉ «ስራ» ተብሎ የተጻፈው አይገኝም። ለእኛ አንድ ቃል ነው፣ ለማሽኑ ግን ሠ እና ሰ፣ ሐ እና ሀ፣ ፀ እና ጸ ልዩ ልዩ ፊደሎች ናቸው። 200 ወረቀት ባለበት ሰሌዳ ይህ ግማሹን ሐሳብ ይሰውራል። ፊደል ማረም ላይ ከመከራከር ለየርዕሱ ቁጥር መስጠት ይሻላል፦ በጀት ሁሉ «ቁ1»፣ ሠራተኛ ሁሉ «ቁ2»። ያን ጊዜ ፍለጋው አይስትም።

ሰሌዳው እየተጎተተ ነው

ፎቶዎቹን እዩ። የስልክ ካሜራ 4000 በ3000 ፒክስል ያነሣል። ፋይሉ 4 ሜጋባይት ቢሆንም ሰሌዳው ላይ ሲዘረጋ እያንዳንዱ ፒክስል 4 ባይት ይይዛል፤ 48 ሜጋባይት ሆነ። ሃያ ፎቶ ከለጠፋችሁ ወደ 1 ጊጋባይት የሚጠጋ ነው፣ 4 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ደግሞ ግማሹን ለዊንዶውስና ለክሮም ሰጥቷል። ሰሌዳው ላይ ጥጉን ይዞ ፎቶውን ማሳነስ አይረዳም፤ የሚያንሰው መልኩ እንጂ ክብደቱ አይደለም። ከመለጠፋችሁ በፊት ወደ 1600 በ1200 ፒክስል አሳንሱት፣ ከ8 ሜጋባይት በታች ይሆናል። መሣሪያ ከሌላችሁ ፎቶውን ቴሌግራም ላይ በፋይል ሳይሆን በፎቶነት ለራሳችሁ ላኩትና መልሳችሁ አውርዱት፤ ቴሌግራም ራሱ ያሳንሰዋል።

ፎቶ በሌለበትም ከተጎተተ የክሮም ሴቲንግ ውስጥ ሲስተም የሚለው ክፍል ገብታችሁ የግራፊክስ ማፍጠኛው መብራቱን አረጋግጡ። ከዚያ ወዲያ የተጠናቀቀውን ሥራ ወደ ሌላ ሰሌዳ ማዛወር ነው።

ስብሰባው ዳታ ይበላል፣ ድምፅ ይቆራረጣል

ሁሉም ሰሌዳውን ከፍቶ ሳለ አንዱ ያንኑ ሰሌዳ ስክሪን ሼር እያደረገ ነው። ሁለት ጊዜ እየከፈላችሁ ነው፤ ከባዱ ደግሞ ቪዲዮው ነው። ስክሪን ሼሩን አጥፉ፣ ካሜራውንም፤ ድምፅ ብቻ ይቆይ። ሰውን ወደ አንድ ቦታ ማምጣት ሲያስፈልግ ሚሮ ሁሉንም ወደ እኔ አምጣ የሚል ትእዛዝ አለው፣ ፊግጃም ስፖትላይት ይለዋል፣ ኤክስካሊድሮው ላይ የመሪውን ምልክት መጫን ይበቃል።

አንድ ሰው ሁሉንም አጠፋው

ኮንትሮልና ዜድ የሚመልሰው የራሳችሁን ድርጊት ብቻ ነው። ስለዚህ «ማነው?» የሚለው ጥያቄ ለወቀሳ ሳይሆን ለመፍትሄ ይጠየቅ፦ ያጠፋው ሰው ታቡን ሳይዘጋ ራሱ ይመልሰው። በድንጋጤ ታቡን ከዘጋ መመለሻው አብሮ ሄዷል። ያን ጊዜ ወደ ታሪክ ማኅደሩ ሂዱ፤ ፊግጃም በነጻው ዕቅድ የ30 ቀን ታሪክ ይይዛል፣ የሚሮ ርዝመት በዕቅዱ ይወሰናል። ለነገው ደግሞ ሠንጠረዡንና ርዕሶቹን መርጣችሁ በኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤል ቆልፏቸው፤ ወረቀት ሲጎተት አብረው አይሄዱም።

ሁሉም ገብቷል፣ ማንም አይጽፍም

ሰሌዳው ደህና ነው። ኃላፊው መጀመሪያ ጽፈዋል፣ ከእሳቸው በኋላ የተለየ ሐሳብ መለጠፍ የከበደው ሰው ዝም ብሏል። ኃላፊው መጨረሻ ይጻፉ። ሚሮ ላይ የግል መጻፊያ ሁነታ ካላችሁ አብሩት፤ ከሌላችሁ ሁሉም ለ5 ደቂቃ በየራሱ ማስታወሻ ላይ ጽፎ በአንድ ጊዜ ይለጥፍ።

ሰዓት ቆጣሪው ሲጀመር ግማሹ ሰው ከሌለ ደግሞ ሰሌዳው ላይ የጻፋችሁትን ሰዓት አንብቡ። «3 ሰዓት» ለአዲስ አበባው ጠዋት ነው፣ የዲሲዋም ከቤቷ ሆና ጠዋቷን «3 ሰዓት» ትላለች፤ ካሌንደሩ ግን 9:00 ይላል። ሁለቱን ከተሞች አብራችሁ ጻፉ፦ «አዲስ አበባ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ ዲሲ ጠዋት 9:00»። አሜሪካ ሰዓቷን በፈረንጆቹ መጋቢት (ማርች) ወር አስቀድማ በኅዳር (ኖቬምበር) መጀመሪያ ስትመልስ ኢትዮጵያ አትነካም፤ በበጋቸው ያው ስብሰባ ለዲሲ 10:00 ይሆናል።

ሰሌዳው ከነባለቤቱ ጠፋ

ማይክሮሶፍት ዋይትቦርድ የሚቀመጠው በከፈተው ሰው ዋንድራይቭ ላይ ነው። ያ ሠራተኛ ለቆ አካውንቱ ሲሰረዝ አስተዳዳሪው ካልቀየረው በቀር ፋይሎቹ የሚቆዩት ለ30 ቀን ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ አይቲ ክፍሉን ጠይቁ። አገልግሎቱ ራሱ የሚዘጋበትም ጊዜ አለ፦ የጉግል ጃምቦርድ ከጥቅምት 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለማየት ብቻ ሆኖ በታኅሣሥ 31 ተዘግቷል። በየወሩ መጨረሻ እያንዳንዱን ሰሌዳ አንድ ጊዜ በምስል፣ ዕቅዱ ከፈቀደም አንድ ጊዜ በራሱ ፋይል አውርዳችሁ በቡድኑ የጋራ ማኅደር፣ ስሙ ላይ ቀኑን ጽፋችሁ፣ አስቀምጡ።