የአርፒጂ ጌሞችን ከጥንቱ እስከ ቅርብ ጊዜ በአሮጌ ላፕቶፕ እንዴት መጫወት ይቻላል?

ጎንደር ውስጥ “ጌም” ስትሉ አብዛኛው ሰው የሚመጣለት ኳስ ነው። ጌም ቤት ብትገቡም የሚሰማው የጎል ጩኸት ነው። ደስ ይላል። ከኳሱ ሌላ ግን አንድ ሰው ሆናችሁ የምትኖሩባቸው ጌሞች አሉ። አርፒጂ (ሮል ፕሌይንግ ጌም) ይባላሉ። እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወዳቸው እነሱን ነው፤ ይህን የምጽፈውም አንድ ሰው እንኳ እንዲጀምራቸው ብዬ ነው።

አርፒጂ ሕግ የወጣለት እቃቃ ነው። ልጅ ሆነን “አንተ አባት፣ እኔ እናት” እንባባል እንደነበረው፣ እዚህም አንድ ሰው ትሆናላችሁ። ጉልበታችሁና ብልሃታችሁ ግን በቁጥር ተጽፏል። በ1974 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን አሜሪካ ውስጥ “ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ” የሚባል በወረቀትና በዳይስ የሚጫወቱት ጨዋታ አወጡ። ብዙም ሳይቆይ ነገሩን ወደ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የሚያስገቡ ሰዎች ተገኙ።

ብዙ ሰው የእነዚህን ጌሞች እድገት በምስል ጥራት ይለካል። እኔ አልስማማም። የእኔ መለኪያ፣ ጌሙ ለምትሠሩት ሥራ ምን ያህል መልስ ይሰጣል የሚለው ነው። ይህን ለማየት ደግሞ በቅደም ተከተል መጫወት ያስፈልጋል።

1. መጀመሪያ ዕቃውን አዘጋጁ

ውድ ኮምፒውተር አያስፈልግም። 4 ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ለአብዛኛው ይበቃል። ባትሪው ትንሽ የሚይዝ ቢሆን ጥሩ ነው፤ መብራት ድንገት ሲጠፋ የሁለት ሰዓት ልፋት ይዞባችሁ እንዳይሄድ። በተረፈ ቶሎ ቶሎ ሴቭ አድርጉ። በአንድ ፋይል ላይ ብቻ ሳይሆን በሁለት በሦስት አድርጉት።

አንድ ደብተርና ጥቂት ግራፍ ወረቀትም ግዙ። ይህን እንዳትዘሉት። እንደ 1981ዱ ዊዛርድሪ ያሉት የድሮ ጌሞች ካርታ አይሰጡም። እያንዳንዱን እርምጃ በወረቀት ላይ መሣል የጨዋታው ግማሽ ነው። ደብተሩ ደግሞ ለማታውቁት የእንግሊዝኛ ቃልና ሰዎች ለሚነግሯችሁ ፍንጭ ይሆናል።

2. አንድ ማታ ለኔትሃክ ስጡት

በ1980 ሮግ የሚባል ጌም ወጣ። ሥዕል የለውም፤ ሁሉም ነገር በፊደልና በምልክት ነው። በገባችሁ ቁጥር ዋሻው አዲስ ሆኖ ይሠራል። ከሞታችሁ ደግሞ ሞታችኋል፤ ከመጀመሪያ ነው። የእሱ ልጅ የሆነው ኔትሃክ በ1987 ወጣ። ነጻ ነው፣ መጠኑም ትንሽ ስለሆነ በሞባይል ዳታ ይወርዳል። መጨረስ አይጠበቅባችሁም። ጥቂት ጊዜ ሙቱና እለፉ።

3. አልቲማ 4 ላይ ቆዩ

እዚህ ጋ ነው መቆየት ያለባችሁ። በ1985 ሪቻርድ ጋሪየት ያወጣው ይህ ጌም የምትገድሉት ዋና ጠላት የለውም። በቀደሙት ጌሞቹ ተጫዋቹ ሱቅ ዘርፎም፣ ምንም ያላደረገ ሰው ገድሎም ማሸነፍ ይችል ነበር። በአራተኛው ግን ግቡ ጥሩ ሰው መሆን ነው። ስምንት ምግባሮች አሉ፦ ሐቀኝነት፣ ርኅራኄ፣ ጀግንነት፣ ፍትሕ፣ መሥዋዕትነት፣ ክብር፣ መንፈሳዊነትና ትሕትና። በስምንቱም መብቃት አለባችሁ።

ጎግ ከሚባለው የኢንተርኔት የጌም መደብር በነጻ ይገኛል። አካውንት መክፈት ብቻ ነው፣ የባንክ ካርድ አይጠይቅም። ለአዲስ ዊንዶውስ እንዲሆን ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። አብረውት የሚመጡትን መጽሐፎች ሳታነቡ አትጀምሩ፤ አስማቱም ታሪኩም እዚያ ነው ያለው።

ሲጀምር ጥያቄ ይጠይቃችኋል። አንደኛው እንዲህ ነው፦ ያልተቆጠረ ወርቅ ያለበት ከረጢት አድርስ ተብለሃል፤ መንገድ ላይ ለማኝ አገኘህ። አደራህን እንዳለ ታደርሳለህ ወይስ አንድ ሳንቲም ሰጥተኸው ታልፋለህ? ሁለቱም መልስ ትክክል ነው። የምትመርጡት ግን ማን እንደምትሆኑ ይወስናል። ይህን ጥያቄ ቡና ላይ አንሱት፤ እናቶች ሳይቀሩ ይከራከሩበታል። ለጌሙ የሚያዋጣውን ሳይሆን የልባችሁን መልሱ።

ከዚያ ከሰው ጋር አውሩ። የምታወሩት ቃል በመጻፍ ነው። መጀመሪያ ስሙንና ሥራውን ጠይቁ። ከመልሱ ውስጥ ትኩረት የሚስበውን ቃል አንሥታችሁ መልሳችሁ ጻፉለት። ጨዋታው የሚከፈተው እንዲህ ነው፤ እንግሊዝኛችሁም ሳታውቁት ይሻሻላል። ያገኛችሁትን ፍንጭ ወዲያው ደብተሩ ላይ አስፍሩ፤ ጌሙ አያስታውስላችሁም። ከተማ ውስጥ ሴቭ አያደርግም፣ ስለዚህ መብራት የሚያሠጋ ከሆነ ቶሎ ወደ ሜዳ ውጡ።

አሁን ወደምወደው ክፍል ልምጣ። የአስማት ቅመም የሚሸጡት ዓይነ ስውር ሴቶች ናቸው። ዋጋውን ይነግሯችኋል፤ ገንዘቡን ግን ቆጥራችሁ የምትሰጡት እናንተ ናችሁ። አሳንሳችሁ ብትሰጡ ሻጯ ዝም ትላለች። ዕቃውንም ትወስዳላችሁ። ጌሙ ግን መዝግቦታል፤ ሐቀኝነታችሁ ቀንሷል። ከጦርነት መሸሽም ጀግንነትን ይቀንሳል፤ ለለማኝ መስጠት ርኅራኄን ይጨምራል። ማንም ሳያይ የሠራችሁትን ይቆጥራል። ይህን በ1985፣ በዚያች ደካማ ኮምፒውተር ላይ ማሰብ ለእኔ ዛሬም ድንቅ ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡት ታላላቅ አርፒጂዎች ሁሉ፣ በእኔ እምነት፣ የዚህች ቅመም ሻጭ ዕዳ አለባቸው።

4. የ1990ዎቹን መጨረሻ ምረጡ

ከዚህ በኋላ ያሉት አብዛኞቹ በገንዘብ ናቸው። ውጭ አገር ካርድ ያለው ዘመድ ካላችሁ ቅናሽ ሲኖር እንዲገዛላችሁ ጠይቁ። ከጎግ የተገዛ ጌም መጫኛ ፋይሉ በፍላሽ ይቀመጣል፤ አንዴ ካወረዳችሁ በኋላ ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ ችግር የለም። ማውረዱን ጥሩ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ጨርሱት።

ሦስት እመክራለሁ። የ1997ቱ ፎልአውት ከኑክሌር ጦርነት በኋላ ያለ ዓለም ነው። የአእምሮ ነጥባችሁን በጣም ዝቅ አድርጋችሁ ከፈጠራችሁ ባለታሪኩ ሰው እንኳ ማናገር ያቅተዋል። በተቃራኒው ማስረጃ ሰብስባችሁ የመጨረሻውን ጠላት ያለ ጥይት፣ በንግግር ብቻ ልትረቱት ትችላላችሁ። የ1998ቱ ባልደርስ ጌት ደግሞ እስከ ስድስት ሰው ሆናችሁ የምትጓዙበት ነው። ጓዶቻችሁ ጠባያቸው ካልተጣጣመ ይጣላሉ፣ ትተዋችሁም ይሄዳሉ። በ1999 የወጣው ፕላንስኬፕ ቶርመንት ንባብ ለሚወድ ሰው ነው፤ መሞት የማይችል፣ ማንነቱን የረሳ ሰው ሆናችሁ ትነሣላችሁ። ውጊያው ደካማ ነው፣ ጽሑፉ ግን እስከዛሬ አቻ አላየሁለትም።

አንዱን ብቻ ምረጡ፤ ሦስቱን ባንድ ጊዜ ከጀመራችሁ አንዱንም አትጨርሱም።

5. የቅርብ ጊዜዎቹ

የ2023ቱ ባልደርስ ጌት 3፣ 150 ጊጋ ቦታና ጠንካራ ግራፊክስ ይፈልጋል። አሮጌ ላፕቶፕ አይችለውም፤ ጥሩ ኮምፒውተር ያለው ጓደኛ ካላችሁ አብራችሁ ተጫወቱት። አንዱ ማውስ ይያዝ፣ አንዱ ያንብብ፣ ውሳኔው በድምፅ ይሁን። እንዲህ ያለ ጌም ብቻችሁን ከመጫወት ይልቅ በሰው መሀል ይጥማል።

እስከዚያው ቀጣዩን ጌም የወደዳችሁት ነገር ይምረጥላችሁ። ወሬውና ምርጫው ከጣማችሁ የ2019ኙን ዲስኮ ኢሊሲየም ፈልጉ፤ ተለይቶ የተሠራ የውጊያ ክፍል የለውም፣ ሁሉም በንግግር ነው። መንከራተቱ ከጣማችሁ በ1996 የወጣው ዳገርፎል ከ15,000 በላይ ቦታዎች አሉት፣ ሠሪው ቤተስዳም በነጻ ለቆታል። መሞቱ ራሱ ከጣማችሁ ደግሞ ወደ ኔትሃክ ተመለሱ፤ አሁን ሕጉ ስለገባችሁ ጠለቅ ብላችሁ ትወርዳላችሁ።