ለልጃችን እሷን የምትመስል ጀግና ስንፈልግ የምንሠራቸው ስህተቶች

በ2022 እ.ኤ.አ. ጥቁሯ አሜሪካዊት ተዋናይ ሃሊ ቤይሊ በዲስኒ ፊልም የባሕር ልዕልቷን አሪየልን ሆና የታየችበት አጭር የማስታወቂያ ቪዲዮ ወጣ። ትንንሽ ጥቁር ልጆች ቴሌቪዥን ፊት ቆመው «እኔን ትመስላለች!» ሲሉ የሚያሳዩ ምስሎች ዓለምን አዳረሱ። ያን ደስታ ለልጃችን መመኘት ተገቢ ነው። የምናበላሽባቸው መንገዶች ግን አሉ።

«ገና ሕፃን ናት፣ ስለ መልክ ምን ታውቃለች?» ማለት። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካዊያኑ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ኬነትና ማሚ ክላርክ ከ3 እስከ 7 ዓመት ለሆኑ ጥቁር ልጆች ነጭና ጥቁር አሻንጉሊት አቀረቡላቸው። አብዛኞቹ ነጩን መረጡ። በዚያ ዕድሜ የትኛው መልክ እንደሚወደድ ገብቷቸዋል።

የመጽሐፉን ወይም የፊልሙን ሽፋን ብቻ አይቶ መግዛት። የዲስኒ የመጀመሪያዋ ጥቁር ልዕልት ቲያና በ2009 እ.ኤ.አ. መጣች። ታታሪ ናት፣ ሕልሟም የራሷን ምግብ ቤት መክፈት ነው። እኔ በጣም እወዳታለሁ። ሆኖም አብዛኛውን ፊልም የምናያት እንቁራሪት ሆና ነው! ፊቷንና ፀጉሯን ለማየት ለጓጓች ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ቀድማችሁ እዩት።

ስለ መልኳ የምታለቅስ ጀግና ብቻ መምረጥ። በፀጉሯ ተሰድባ መጨረሻ ላይ ራሷን የምትወድ ልጅ ታሪክ ጥሩ ነው። ሁሉም እንደዚያ ከሆነ ግን ልጃችሁ መልኳ ራሱ ችግር ይመስላታል። ፀጉሯ ጭራሽ ሳይነሳ ሌባ የምትይዝ፣ ጠፈር የምትወጣ ጠይም ልጅም ፈልጉላት።

ከሁሉም የሚከብደኝ የቤታችን አፍ ነው። ፊልሙን አሳይተን ስናበቃ «ፀሐይ ላይ አትቁሚ፣ ትጠቁሪያለሽ» እንላለን። ስናበጥራት «ኤጭ፣ ምን ዓይነት ከርዳዳ ነው!» እንላለን። እንግዳ መጥቶ «ታናሿ ቀይ ናት፣ ታድላ» ሲል እየሰማች ዝም እንላለን። እንዲህ እየሰማች የትኛዋ ጀግና ታድናታለች? ሃሊ ቤይሊ ልዕልት የሆነችው ድሬዷን ሳትፈታ ነው። ይህን ሹሩባ ስትሠሯት ንገሯት። እንግዳውንም በትህትና፣ ልጅቷ እየሰማች መልሱለት፤ «ሁለቱም ቆንጆ ናቸው» ማለት ይበቃል።

ውጭ አገር ደግሞ «እኛ ሐበሻ እንጂ ጥቁር አይደለንም» የሚል ወላጅ አለ። አሜሪካ ውስጥ ልጅቷ ትምህርት ቤት ስትገባ የሚያይዋት እንደ ጥቁር ልጅ ነው። ይህን ስንክድ እሷን የሚመስሉ ብዙ ጀግኖችን እንቀማታለን።

በግድ «አንቺ ይህች ነሽ» ማለትም አይሆንም። በ2006 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የመጣችው የልጆች ፕሮግራም ጀግና፣ ፀሐይ የምትባለው አሻንጉሊት፣ ቀጭኔ ነበረች፤ የምታወራው ግን የልጆቹን ቋንቋ፣ አማርኛን ነበር። መመሳሰል በዚህም ይመጣል። ስለዚህ ልጃችሁ ለልደቷ የዘንዶ ልብስ ካማራት ግዙላት። ጠይሟን ጀግና ደግሞ ወንድሟም አብሯት ይያት፤ ነገ ስለ እህቱ መልክ አስተያየት ከሚሰጡት አንዱ እሱ ነው።