የአዮን (ኤሌክትሮን ያጣ ወይም የጨመረ አቶም) ኤሌክትሮን ስትቆጥሩ ምልክቱ ለሚያምታታችሁ

«ፖዘቲቭ 3 የሆነ አሉሚኒየም ስንት ኤሌክትሮን አለው?» ሲባል የመደመር ምልክቷን ብቻ አይቶ 16 የሚል ተማሪ ብዙ ነው። መልሱ 10 ነው።

ዘዴው ቀላል ነው፤ ከአቶሚክ ቁጥሩ (ከፕሮቶኖቹ ብዛት) ላይ ቻርጁን ከነምልክቱ ቀንሱ። አሉሚኒየም 13 ነው፤ 3 ሲቀነስለት 10 ይቀራል። ኔጌቲቭ 2 የሆነ ሰልፈር ደግሞ ቁጥሩ 16 ነው፤ ኔጌቲቭ ሲቀነስ ይደመራልና 18 ይሆናል።

ለምን ይሠራል? ፕሮቶን ኒውክለስ ውስጥ ተቆልፎበታል፤ በኬሚካል ለውጥ ጊዜ ንቅንቅ አይልም። የሚሄድና የሚመጣው ኤሌክትሮን ብቻ ነው። እሱ ኔጌቲቭ ስለሆነ ከአቶሙ ሲወጣ የቀረው ፖዘቲቭ ይሆናል። እንደ ዕዳ አስቡት፤ ዕዳ ሲቀነስላችሁ ሒሳባችሁ ከፍ ይላል እንጂ አይወርድም።

ኒውትሮን ለመቁጠር ከማስ ቁጥሩ (ከፕሮቶንና ኒውትሮን ድምር) ላይ አቶሚክ ቁጥሩን መቀነስ ነው፤ ይሄን ሁሉም ያውቀዋል። አንድ ወጥመድ ግን አለ። ፔሪዮዲክ ቴብሉ ላይ ያለውን ባለነጥብ ቁጥር አጠጋግታችሁ እንዳትጠቀሙ። ብሮሚን 79.9 ይላል። ወደ 80 አጠጋግታችሁ አቶሚክ ቁጥሩን 35 ብትቀንሱ 45 ኒውትሮን ይመጣል፤ በተፈጥሮ የሚገኘው ብሮሚን ውስጥ ግን እንዲህ ያለ አቶም የለም። ያሉት ብሮሚን 79 እና ብሮሚን 81 ናቸው፣ ባለ 44 እና ባለ 46 ኒውትሮን። ግማሽ በግማሽ ገደማ ስለተቀላቀሉ ነው አማካዩ 80 አጠገብ ያረፈው። ጥያቄው አይሶቶፑን (የትኛው ማስ ቁጥር ያለው አቶም እንደሆነ) ካልነገራችሁ ኒውትሮኑን መገመት ይቅርባችሁ።