አለቀሰ ማለት አለቀ ማለት አይደለም፦ ሕፃን ሲወለድ ታፍኖ ከነበረ የምንሠራቸው ስህተቶች

«ሲወለድ አላለቀሰም ነበር፣ በኋላ ግን ደህና ሆነ።» ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ስሠራ ይህን ከእናቶች ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው ያ «በኋላ» ስንት ደቂቃ እንደነበር ነው። በኦክስጅን እጥረት የተጎዳ አንጎል ላይ ደቂቃና ሰዓት ብዙ ነገር ይወስናሉ፤ ስህተቶቻችንም አብዛኞቹ እዚያው ላይ ናቸው።

የመጀመሪያው፣ ዝም ያለውን ሕፃን እግሩን ይዞ መገልበጥና መቀመጫውን መምታት። እባካችሁ ይቅር። ሕፃኑ በደረቅ ጨርቅ በደንብ ይጠረጋል፣ ጀርባው ይታሻል፣ ካልተነፈሰ ደግሞ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚገፋ ከረጢት) እና በማስክ አየር ይሰጠዋል። «ኦክስጅን የለንም» ብሎ መቆምም ያው ስህተት ነው፤ ወሩን ጨርሶ ለተወለደ ልጅ የሚጀመረው በተራው የክፍሉ አየር ነው። የቸገረው ሳንባው አለመከፈቱ ነው።

ሁለተኛው «አለቀሰ፣ ተመስገን» ብሎ ወደ ቤት መሄድ። የታፈነ አንጎል አየር ሲያገኝ ለጥቂት ሰዓታት ያገገመ ይመስላል፣ ከዚያ ግን ሴሎቹ ውስጥ ያለው ጉልበት እንደገና ይወርድና ሁለተኛው፣ አንዳንዴም የባሰው ጉዳት የሚመጣው ያኔ ነው። ሐኪሞች ስለ መጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት የሚጨነቁት ለዚህ ነው። ሪፈር ከተባላችሁ «ነገ ጠዋት እንሄዳለን» አይሠራም።

ሦስተኛውን አንዲት አያት አስተማረችኝ። በተወለደ ማግስት ልጁ አያለቅስም፣ ጡት ሲሰጡት ተኝቷል። «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው፣ የኔ ጌታ!» ትላለች። ጠጋ ብዬ ሳይ ከንፈሩን ይመጠምጣል፣ እግሮቹ ብስክሌት እንደሚነዳ ሰው ይዞራሉ፣ ዓይኑ አንድ ቦታ ላይ ፈጧል። «ርቦት ነው» አለች። አልራበውም፤ እያንዘፈዘፈው ነበር። ጨቅላ እንደ ትልቅ ሰው ሁልጊዜ አይንፈራገጥም፣ የሱ እንዲህ ድብቅ ሊሆን ይችላል። ወዲያው ስኳሩ ይለካል፣ አብዛኛውን ጊዜም ማንዘፍዘፉን የሚያቆም ፌኖባርቢታል የሚባል መድኃኒት ይጀመራል። የማይጠባን ልጅ ደግሞ በማንኪያ ውሃ ወይም ቅቤ አፉ ውስጥ ማፍሰስ ሳንባውን መሙላት ነው። ምግቡን በቱቦ ወይም በግሉኮስ የሚወስኑለት ባለሙያዎች ናቸው።

አሁን ደግሞ ብዙ የምጠየቀው፣ ማቀዝቀዝ። «ውጭ አገር በብርድ ያድኑታል አሉ፣ እኛስ ልብሱን ብናወልቅለት?» በፍጹም! ሕክምናው እውነት ነው፤ 36 ሳምንትና ከዚያ በላይ ቆይቶ የተወለደና ጉዳቱ መካከለኛ ወይም ከባድ የሆነ ልጅ በ6 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮለት፣ የሰውነቱ ሙቀት 33.5 ዲግሪ አካባቢ ለ72 ሰዓት ይያዛል፣ ከዚያ በሰዓት ግማሽ ዲግሪ እየተባለ ቀስ ብሎ ይሞቃል። ይህ ሁሉ ግን በጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ ከማሽንና ሌት ተቀን ከሚከታተል ሰው ጋር ነው። እዚያም ቢሆን ሁሉም ቦታ አልሠራም፦ በሕንድ፣ በስሪላንካና በባንግላዴሽ በ408 ሕፃናት ላይ ተደርጎ በ2021 የወጣው ሄሊክስ የተባለ ጥናት ላይ፣ ከቀዘቀዙት 42 በመቶ ሲሞቱ ካልቀዘቀዙት የሞቱት 31 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ ሪፈር የምትሄዱ ከሆነ ልጁን አድርቁት፣ ኮፍያ አድርጉለት፣ ደረት ለደረት ያዙት። በጋቢ ላይ ጋቢ ደርባችሁ እንዲያተኩስም አታድርጉት፤ ትኩሳትም የተጎዳን አንጎል ይጎዳል።

እናቲቱን መውቀስ ሌላው ነው። «በደንብ ስላላማጥሽ ነው» ይሏታል። እትብት ቀድሞ ወጥቶ፣ እንግዴ ልጅ ቀድሞ ተላቆ ወይም ማህፀን ተቀዶ የሆነን ነገር እሷ በማማጥ ምን ታደርገው?

የመጨረሻው ቀስ ብሎ የሚመጣ ስለሆነ ያዘናጋል። ልጁ በ9 ወሩ አይቀመጥም፣ ዘመድ «ወንድ ልጅ ይዘገያል» ይላል። እጁን ሁሌ ጨብጦ ከያዘ፣ እግሩ ለዳይፐር አልከፈት ካለ ወይም ዓመት ሳይሞላው በአንድ እጁ ብቻ የሚይዝ ከሆነ አትጠብቁ፣ ፊዚዮቴራፒ በቶሎ ሲጀመር ነው የሚጠቅመው። ስትሄዱ የመውጫ ወረቀቱን ያዙ፦ በ1፣ በ5 እና በ10 ደቂቃ ስንት አፕጋር (ሲወለድ ስለ ሁኔታው ከ10 የሚሰጥ ነጥብ) እንደነበረው፣ አምቡ ለስንት ደቂቃ እንደተሰጠው፣ አንዘፍዝፎት እንደነበር። ሳይጻፍላችሁ ከክፍሉ አትውጡ።